ኖላዊት ቅቤ ቤት ግድግዳ የሆነ ሰሞን

በ2078 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በተያዘ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ የሚገኘው ኖላዊት ቅቤ ቤት ግድግዳ ሆነ።

በሩ አልተዘጋም። ሚዛኑ፣ አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ የታሰረው ባልዲዎች፣ ባለቤቲቱም ራሷ በየቦታቸው ነበሩ። መነጽር ላደረገ ሰው ግን በፀጉር አስተካካዩና በልብስ ሰፊዋ መካከል የሚታየው ከጥግ እስከ ጥግ የተገጠገጠ የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው። መነጽር ያላደረገ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ አይገኝም፤ ያለ መነጽር አውቶቡስ አያሳፍርም፣ መብራትም አያሻግርም።

ሰፈሩ በነገሩ ብዙም አልተገረመም። ሱቅ በቀን አንድ ጊዜ አደባባይ ላይ መውጣት አለበት። አደባባይ የሚባለው ሁሉም ሰው የሚያይበት፣ ሁሉም ሰው የሚታይበት የመነጽሩ ገበያ ነው። አርባ ቀን ዝም ያለ ሱቅ ከመንገድ ይነሳል። በፊት በፊት የፍስክ ነገር ለሚሸጡ «የጾም እፎይታ» የሚባል ነበረ። ዘንድሮ ቀረ። ለምን እንደቀረ የጠየቀ የለም፤ የሚጠየቅበትም ቦታ የለም።

ጠባሴ ላይ ቀኑ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ከመክፈቱ በፊት «እንደምን አደራችሁ ተመልካቾቼ» ይላል፤ ዳቦው ትንሽ ያር እንደሆነ እንጂ ሰላምታው አይዘገይም። የጥርስ ሐኪሟ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ወደ ጎን ዞራ ፈገግ ትላለች። አንድ ሰው ለሦስት ሰከንድ ካየህ አንድ ዓይን አገኘህ ይባላል፤ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ልጆች ደህና ናቸው?» ከማለታቸው በፊት «ዓይን እንዴት ነው?» ይባባላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ናሆም ዘንድ የተቀመጠ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ሳይስቅ አይነሳም። ናሆም ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል ሰው ነው። ደንበኞቹ ከመልመዳቸው የተነሣ ምላጩ ጉሮሯቸው ሥር ሆኖም ይስቃሉ።

ኖላዊት አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ቅቤ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ በጾም መያዣ ዋዜማ ካሜራዋ ፊት ቆማ «ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን» ትልና እስከ ፋሲካ ዝም ትላለች። ዘንድሮም እንደዚያው አደረገች።

ግድግዳ በሆነች በሦስተኛው ቀን ከደንበኞቿ አንዷ ግንቡ ፊት መጥታ ቆመች። ሱቁ እዚያ እንዳለ ታውቃለች። እጇን ዘረጋች፣ ልትነካው ትንሽ ሲቀራት ሰበሰበችውና ዘምቢሏን አስተካክላ ሄደች። እግር ድንጋይ ውስጥ አይገባም። ኖላዊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከውስጥ ሆና ታያት ነበር።

በዚያው ቀን ከአደባባይ መልእክት ደረሳት። ግድግዳ የሆነ ሱቅ መናገር የሚችለው ከዚህ በፊት ለገዙት ብቻ ነው። የእሷ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ከእነሱ አንድ ሺህ መልስ ካገኘች በሩ ይመለሳል። እስከ ቀዳም ስዑር ጠዋት ሦስት ሰዓት ካላገኘች ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ተራ የሚጠብቀው ጥፍር የሚቀባ ማሽን ነው።

የዓመቱ ቅቤ የሚሸጠው በዚያች በአንዲት ቅዳሜ ነው።

ናሆም በጓሮ በር ገብቶ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን በአንድ ነገር እንስማማ» አለ። «ከሺህ ሰው አምስት ሰው ነው የሚመልሰው። እኔ እንኳን፣ ዓይኔን እንዲህ በገፍ የማገኘው ሰውዬ፣ አንድ ቀን አሥራ ሁለት መልስ አግኝቼ ለሚስቴ ኬክ ገዝቻለሁ። ስለዚህ አንቺ አትናገሪ። ቅቤው ይናገር። ድስት ላይ ጣጂው፣ ሲንተከተክ ድምፁን ብቻ ልቅረጸው። ምስል የለ፣ ምን የለ። ድምፅ ደግሞ ፍስክ ነው እንዳትዪኝ።»

«ለጾመ ሰው ነው።»

«ወይ አንቺ ሴትዮ። አንቺ ጳጳስ ብትሆኚ አገሩ አይቻልም ነበር።»

«ጋሽ ናሆም፣ ሰው ሃምሳ አምስት ቀን ምራቁን እየዋጠ ነው። እኔ ጆሮው ሥር ቅቤ ላቅልጥበት? ለማን ብዬ?»

«ለሱቅሽ ብለሽ። እሺ፣ የፋብሪካ ዓይን የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። መልስም ይሠራል፤ አንድ ሺህ መልስ በአንድ ጀምበር። ‹ኖልዬ ቅቤሽ ናፈቀን› ምናምን እያለ።»

«ያልናፈቀው?»

«እሱ ማሽን ነው፤ ምን ይናፍቀዋል?»

ኖላዊት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቀን በቀን እየመጣ አንዳንድ ሐሳብ ይጥላል፤ እሷ ሰምታ፣ ሻይ ቀድታ ትሸኘዋለች። የሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ሲመጣ ሐሳቡ አለቀበት። ባልዲው ላይ ተቀምጦ ሚዛኑን በጣቱ ወደ ታች እየገፋ ይለቀው ነበር።

ዓርብ፣ ስቅለት ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው። መነጽር ለስግደት አይመችም፤ ግንባር መሬት ሲነካ ይወድቃል። ስለዚህ በየዓመቱ የቅጥሩ በር ላይ ትልልቅ ቅርጫቶች ይደረደራሉ፣ ሰው መነጽሩን እያወለቀ ይጥላል፣ ከዲያቆኑ እጅ ቁጥር ይቀበላል። በዓመት አንድ ቀን የከተማው ሰው እርስ በርሱ በባዶ ዓይን ይተያያል። አንዳንዱ ጎረቤቱን አይለየውም።

ኖላዊት ከስግደቱ መካከል ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ዮናታን ቀረበችና ሰባት ዓመት የያዘችውን ነገር ነገረቻቸው። ረጅም ነበር። እሳቸው አላቋረጧትም። ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ለበደልሻቸው ሰው ነግረሻቸዋል?»

«ስማቸውንም አላውቅ፣ አባ።»

«እንግዲያው ፈልጊያቸው። ዛሬውኑ። ስግደቱን ተመልሰሽ ትጨርሺዋለሽ።»

ከሱቋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መነጽሯን ከቅርጫት አውጥታ ሄደች። ናሆም የራሱ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ይዟል፤ መቶ ከሰገደ በኋላ ነው ለማረፍ የወጣው። እሷ ከባልዲዎቿ አጠገብ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ እንዳደገደገች፣ በመነጽሯ ለደንበኞቿ እንዲህ ስትል ሰማት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ኖላዊት ነኝ፣ የቅቤዋ። በ2071 በቀዳም ስዑር ዕለት ስማቸውን የማላውቃቸው አንዲት እናት ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ ገዙኝ። የከረመ ነበር። ሽታው እንዳይታወቅ ኮረሪማና ኮሰረት አብዝቼ ነው ያነጠርኩት። ከለጋ ቅቤ የተነጠረ ነው ብዬ ሸጥኩላቸው። በጾም ማንም አይቀምስም፤ ያን ቀን የሚገዛ ሁሉ ሻጩን አምኖ ነው። ለፋሲካ የልጃቸው አማቾች በመጡበት ወጡ ሸተተ። ማክሰኞ ዕቃውን ይዘው መጡ። እኔ በቀጥታ እየተላለፍኩ ነበር፣ ብዙ ዓይን ነበረኝ። ‹የእኔ አይደለም፣ ከሌላ ገዝተው ነው የመጡት› አልኳቸው። የተሰለፈው ሰው ሳቀባቸው። እሳቸው ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ቀን ብቻ አራት ሺህ አዲስ ዓይን አገኘሁ። ሱቄ ከዚያ ወዲህ ነው የሰፋው። እናቴ፣ ካሉ ይቅር ይበሉኝ። እናንተም ከእኔ የገዛችሁ፣ በማውቀውም በማላውቀውም የበደልኳችሁ ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ።»

ናሆም ከደረጃው ተነሥቶ፣ ወገቡን እንደያዘ በጓሮ ዞረና መጣ።

«አንቺ፣ ነገ ቅቤ ልትሸጪ ዛሬ የከረመ ቅቤ ሸጫለሁ ትያለሽ?»

«ሸጫለኋ።»

«እሱስ እሺ። ሰዓቱን አይተሻል? ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። የስቅለት ስድስት ሰዓት። በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይን የለም፤ መነጽሩ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ነው። ኖላ፣ ይሄን ነገር ከዚህ የባሰ ሰዓት ፈልገሽ ብትሞክሪ አታገኚም። እኔ ሃያ ዓመት አደባባይ ስወጣ በዚህ ሰዓት ሳል እንኳ ሲይዘኝ ካሜራ ፊት አልሳልኩም።»

«እሳቸውን ነው የፈለግኩት፣ ጋሽ ናሆም። መነጽራቸውን ሲያወጡ ያዩታል» አለችና መነጽሯን አውልቃ ወደ ስግደቷ ተመለሰች።

ናሆም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ዓይን በሌለበት ሰዓት ማንም አይናገርም። የከተማው ሱቅ፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ ማሽኖቹ ሳይቀሩ ዝም ብለዋል። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ አደባባይ ላይ የቆመው የኖላዊት ቃል ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን ጨርሶ፣ በወይራ ቅጠል ተጠብጥቦ፣ ግንባሩ ላይ አፈር እንደያዘ ወጣ። ቅርጫቶቹ ጋ ግፊያ ሆነ። የመጀመሪያው መነጽሩን ያደረገው ወፍራም ጋቢ የለበሰ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆመ። አዳመጠ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ማንም ሳይኖር፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለ።

ከኋላው ያለችውም አለች። ከእሷ ኋላ ያሉትም አሉ። በስቅለት ቀን ይቅር በሉኝ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የቻለ አልነበረም። ብዙ መቶ ሰው በቅጥሩ በር ዙሪያ ቆሞ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ወደ አየሩ ይናገራል። ከሩቅ ለሚሰማ ጸሎቱ ውጭ የቀጠለ ይመስል ነበር።

ናሆም በቅጥሩ ጥላ ሥር ቆሞ ይቆጥራል። ወገቡን ረስቶታል።

«ሁለት መቶ አርባ። ቆይ፣ ሦስት መቶ። ኧረ ይሄ ነገር አልያዝ አለኝ።» አጠገቡ ያለችውን ልብስ ሰፊ ያዛት። «ስሚ፣ ስሚ ይሄን።»

መልሶቹ አጫጭር ነበሩ፤ እያከታተለ አሰማት። «ይቅር ይበልሽ፤ እኔም አንድ ጊዜ ወረፋ ሰርቄ ቅቤ ገዝቼብሻለሁ።» «ይቅር ብያለሁ። ግን የዘንድሮው ከለጋ ነው?» «አባቴ ደንበኛሽ ነበር፣ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። በእሱ ፈንታ ይቅር ብዬሻለሁ።» «ከሐዋሳ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ስማር አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ፣ ደህና ቅቤ ነበር፣ ይቅር ይበልሽ።»

ስድስት መቶ አካባቢ ሲደርስ አንድ የወንድ ድምፅ መጣ። «እኔ ያን ቀን ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከሳቁት አንዱ ነኝ። ለአንቺ ይቅር ብያለሁ። እናታችን ካሉ ግን እኔንም ይቅር ይበሉኝ።» ከእሱ በኋላ አንዲት ሴት ተመሳሳዩን አለች። ከዚያ ሌላ። ያን ማክሰኞ ሰልፍ ላይ የነበሩት አሥራ አራት ነበሩ፤ አሥራ ሦስቱ ተናገሩ። አሥራ አራተኛው ናሆም ነበር።

ናሆም ቁጥሩን ተወው። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ ዓይኑንም ጠረገ፣ መልሶ አደረገው። «እኔም ስቄያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን አንድ ሺህ ሞላ። በዚያች ደቂቃ ጠባሴ ላይ የነበሩ ሰዎች የግንቡ ድንጋዮች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ሲጠፉ አይተዋል። መጀመሪያ የበሩ ጉበን፣ ከዚያ የባልዲዎቹ ጨርቅ፣ ከዚያ ሚዛኑ ታየ። ያየ ሁሉ እልል አለ፤ ስቅለት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ።

ናሆም ኖላዊትን ያገኛት ዐውደ ምሕረቱ ላይ የመጨረሻዎቹን ስትሰግድ ነው። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«በርሽ ተከፈተ።»

«እሳቸውስ?»

«ማን?»

አየችው። «እ» አለ። «የሉበትም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ ከሱቁ ተነሥቶ የዳቦ ጋጋሪውን ደጅ አልፎ ወደ ዋናው አስፋልት ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ሰላምታውን ትቶ፣ በ2069 እርሾ ስለቀነሰበት ቀን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስለ አንድ ሱሪ ይቅርታ ጠየቀች። ሁለት ሰዓት ሲሆን የመንገዱ ሱቆች በሙሉ በደላቸውን እየፈለጉ ነበር፤ አንዱ ሥጋ ሻጭ አንድም ስላላገኘ የወንድሙን ተናገረ።

በዚህ መካከል ኖላዊት መነጽር ላይ የአደባባይ መልእክት መጣ፦ «እንኳን ደስ ያለዎት። ይቅርታዎ ስልሳ ሺህ ዓይን አግኝቷል። ቀጣይ የይቅርታ ቀንዎ ማክሰኞ ነው፤ ሦስት ርእሶች አዘጋጅተናል። ማሳሰቢያ፦ ተበዳይ ያልተገኘለት ይቅርታ እንደ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ይቆጠራል፤ የተበዳይ መልስ እስከ እሑድ ስድስት ሰዓት ካልገባ ሱቁ ያለ ይግባኝ ይነሳል።»

ጮክ ብላ አነበበችው።

«እኔ እንደ ተበዳይ ልሁን?» አለ ናሆም። «የከረመ ነገር ይስማማኛል።»

«አርፈህ ፀጉርህን ቁረጥ» አለችውና መመዘኗን ቀጠለች።

አራት ሰዓት ግድም ከአስፋልቱ በኩል ስልሳውን የዘለሉ አንዲት ሴት መጡ። መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ያለ መነጽር ስለሚሄዱ ቀስ ብለው፣ ሰውን በትከሻው እየነኩ ያልፋሉ። ወረፋ አልጠበቁም፤ የሚከለክላቸውም አልነበረም። ሚዛኑ ፊት ቆሙ።

ኖላዊት አይታ ለየቻቸው። እጇ መነጽሯን ሊያጠፋ ወደ ጆሮዋ ሄደ።

«አታጥፊው» አሉ ሴትዮዋ። «የዋሸሽው ሰው እያየሽ ነበር። ይሄንንም ይየው።»

ኖላዊት እጇን አወረደች። ከባንኮኒው ወጥታ ጉልበታቸው ሥር ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ተነሺ። ረድኤት እባላለሁ፣ ሸኖ ነኝ። ስሜን አላውቅም ስትዪ ሰማሁ። አደባባይ ግን ያውቀኛል።» መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ያን ማክሰኞ ‹ሐሰተኛ ከሳሽ› ብሎ ጻፈብኝ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ሳይ ያለው ሱቅ ሁሉ ግድግዳ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ። ጨው የሚገዛልኝ ጎረቤት ነው። አሁንም ባደርገው አንቺ ግድግዳ ነሽ። በባዶ ዓይኔ ነው ያገኘሁሽ።»

ናሆም ምላጩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ ከኋላው አንገቱን አስግጓል።

ወይዘሮ ረድኤት ከባልዲዎቹ የአንዱን ጨርቅ ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይሄስ?»

«ከለጋ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ትላንት አይደለም፣ ከሆሳዕና በፊት ነው ያነጠርኩት። የጽጌ ሰሞን የወለደች ላም ቅቤ ነው ብዬ ደግሞ አልዋሽዎትም፤ ከለጋ ግን ነው።»

«ዛሬም ጾም ነው። ዛሬም አልቀምስም።»

«አዎን።»

«ሁለት ኪሎ መዝኚ።» ዕቃቸውን ከዘምቢላቸው አወጡ። «ነገ አማቾቼ ይመጣሉ፣ ያኔ የመጡት ራሳቸው። ቅቤውን ከቀመስኩ በኋላ ይቅርታውን እነግርሻለሁ።»

ኖላዊት መዘነች። ወይዘሮ ረድኤት ከፍለው፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጥብቀው፣ በመጡበት ሄዱ።

እሑድ ጠባሴ ላይ ማንም እቤቱ አልተቀመጠም። ፋሲካ ነው፤ ሰው ሳህኑን ይዞ፣ የዶሮ አጥንቱን በእጁ እንዳንጠለጠለ ኖላዊት ቤት ደጅ ቆሟል። መነጽር ላይ መቶ ሺህ ዓይን ኖላዊትን ያያል። ወይዘሮ ረድኤት አይተላለፉም፤ ሲበሉ ያየ የለም። አንዳንዱ ሸኖ ድረስ በባቡር እንሂድ ይላል። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ናሆም «አማቾቹ ዘግይተው ይሆናል፤ አማች ይዘገያል» እያለ ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ያስረዳ ነበር።

ኖላዊት ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሳህን ተቀምጧል፣ አልተነካም። ከሌሊቱ ቅዳሴ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ፈስኳል፤ እሷ መልሱ ሳይመጣ አልፈስክም ብላለች።

«ስድስት ሰዓት ካለፈስ?» አላት ናሆም።

«ካለፈ ሱቁ ይሄዳል። እኔ እጠብቃለሁ።»

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ መነጽሯ ጮኸ። መልሱ የጽሑፍ ነበር፤ የኖላዊት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ሰዉ አየ። ከዚያ፣ እንዳየችው ቃል በቃል፣ ለሁሉም እንዲሰማ አነበበችው፦

«ከለጋ ነው። አማቾቼ ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፤ የሳቁትንም።»

የተነሣው እልልታ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ሰው ይተቃቀፋል፣ ሳህን ይወድቃል፣ ናሆም ያልላጨውን ሰው ይስማል። ኖላዊት መነጽሯን አወለቀች፤ አጠፋችውና ባልዲው ላይ አስቀመጠችው። ማክሰኞ የሚባል ነገር እንዳለ ያስታወሳት ሰው ነበር፤ አልሰማችውም።

«በይ እንግዲህ» አለ ናሆም፣ ሳህኑን አንሥቶ እየሰጣት። «ቀዝቅዟል፤ ግን ብዪ።»

እጇን ታጠበች፣ አማተበች፣ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ለእሱ አጎረሰችው።